የፍሪዙ ቀን ይራዘምልኝ

ኸባብን መጀመሪያ ያየሁት ደረጃ ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ናይሮቢ መሃል ከተማ ያለው የስብሰባችን ሕንፃ ሊፍቱ ተበላሽቶ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በእግር እንወጣለን። እኔ ከአባቴ ጋር በስልክ እያወራሁ ከፊት፣ እሱ ትኩስ ማንዳዚ፣ በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ዳቦ፣ የሞላ ካርቶን በሁለት እጁ ታቅፎ ከኋላ። ስልኩን እስክዘጋ ጠብቆ አናገረኝ።

«እህቴ፣ አበሻ ነሽ አይደል? አማርኛ ስታወሪ ሰማሁ።»

«ነኝ።»

«ወደ ሰንዱቅ ስብሰባ ነው የምትሄጂው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሀቢብ የሚባለውን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?»

ቆም አልኩ። «ለምን ፈለግከው?»

«ልለምነው። እምቢ ካለኝም ልጣላው።»

«ምን አደረገህ?»

«ስምንት ወር ሙሉ የላክሁትን ሥራ ሲመልስብኝ ኖረ። አሥራ አንድ ጊዜ! አሁን ደግሞ አሥር ቀን ብቻ ጨምርልኝ ብዬ ብጽፍለት በአንድ መስመር መለሰልኝ። ቀኑ አይነካም አለኝ፣ አለቀ። ሰላምታ እንኳ የለውም። ይሄ ሰውዬ ሚስት ያለው አይመስለኝም።»

«የለውም» አልኩት።

«ታውቂዋለሻ!»

«በደንብ።»

ከዚያ በላይ አልተናገርኩም። ቀሪውን ደረጃ ወጣን። አዳራሹ በር ላይ ጋሽ ይገዙ ቆመው ሰው ይቀበላሉ። ጋሽ ይገዙ ሰንዱቅን የጀመሩት ሰው ናቸው፤ ከአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ጡረታ ወጥተው ሩንዳ የሚባል ሰፈር ይኖራሉ። ሁለታችንንም አዩና ፊታቸው በራ።

«ተገናኛችሁ እንዴ! ኸባብ፣ ቀመሪያ ሀቢብ ማለት እሷ ነች። የእትሞቻችን ኃላፊ።»

ኸባብ ካርቶኑን ሊጥለው ምንም አልቀረውም።

በእርግጥ የሱ ጥፋት አልነበረም። በሥራ ገጻችን ላይ የምፈርመው በስሜ የመጀመሪያ ፊደልና በአባቴ ስም ነው። የምንጻጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ሴት መሆኔ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይታወቅ ነበር።

ሰንዱቅ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ኢንተርኔት በማይደርስባቸው ትንንሽ ክሊኒኮች ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። የበሽተኛ ካርድ ይይዛል፣ መድኃኒት ይቆጥራል፣ የቀጠሮ ቀን ይሰጣል። በነጻ ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም አይቶ ማሻሻያ መላክ ይችላል። እኔ ዌስትላንድስ አንድ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ሰንዱቅ ላይ ግን እንደ ሌሎቹ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ሥራዬ በዓመት ሁለት ጊዜ አዲሱን እትም አዘጋጅቶ ማውጣት ነው።

ከእትሙ በፊት ደግሞ ፍሪዝ የምንለው ቀን አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ምንም አዲስ ነገር አይገባም። የገባው ብቻ ይፈተሻል፣ ስህተቱ ይታረማል። ፍሪዙ ያመለጠው ሥራ ስድስት ወር ይጠብቃል፤ ምክንያቱም ቴክኒሻኖቻችን ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዘው ወደ ሩቅ ክሊኒኮች የሚሄዱት በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የዚያ ጊዜው ፍሪዝ ጁላይ አሥራ ሰባት ዓርብ ቀን ነበር። ኸባብ ማራዘሚያውን የጠየቀው ገና በሜይ ነው። አስቀድሞ ማሰቡን ወድጄለታለሁ። መልሴ ግን ያው ነበር።

በስብሰባው ላይ ተነስቶ ተናገረ። ማይክሮፎኑን አልፈለገም።

«እኔ ኸባብ ኑሬ እባላለሁ። ጊጊሪ አንድ የዕርዳታ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። እህቴ ራጃ ሞያሌ ድንበሩ አጠገብ ባለ ክሊኒክ ነርስ ነች። ፕሮግራማችን ቀጠሮ የሚሰጠው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከወዲያ ማዶ የሚመጡት በሽተኞች ደግሞ የሚቆጥሩት በኢትዮጵያ ነው። ባለፈው ማርች ራጃ አንዷን የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ 'በአሥራ ሁለት ተመለሺ' አለቻት። ሴትየዋ በመጋቢት አሥራ ሁለት መጣች። መድኃኒቷ ካለቀ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር።»

ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀጠለ።

«በዚያ ወር እንደዚህ በተሳሳተ ቀን የመጡት አሥራ አራት ናቸው። እኔ የምጨምረው ሥራ ካርዱ ላይ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን የሚያትም ነው። ሌላ ምንም አይደለም።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ሥራው አስፈላጊ ነው» አልኩ። «ቀኑ ግን አይነካም። እስከ ጁላይ አሥራ ሰባት ከደረሰ ይገባል። ካልደረሰ ለሚቀጥለው።»

ስብሰባው ሲያልቅ ደረጃው ላይ ደረሰብኝ።

«ፖሌ ሳና» አለኝ። «ስለ ቅድሙ ነው። በጣም ይቅርታ።»

«ማንዳዚው ጥሩ ነበር» አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ግን ከእሱ ጋር ቆሜ ነበር። ለመሄድም አልቸኮልኩም።

«ቀኑን ካልጨመርሽልኝ ሌላ ነገር ልጠይቅሽ?» አለ። «ሥራዬን አንቺው ገምግሚልኝ። በጽሑፍ ስትመልሺልኝ ምን እንደፈለግሽ ለመረዳት ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። ፊት ለፊት ብትነግሪኝ ያፈጥነኛል።»

ምክንያታዊ ጥያቄ ነበር። ስለዚህ እሺ አልኩ።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ምሳ ሰዓት ሳውዝ ሲ፣ ከቤታችን ጥቂት በእግር የሚያስሄድ፣ ፒላው የሚባለው ቅመም ያለው ሩዝ የሚሸጥበት ቤት ውስጥ እንገናኝ ጀመር። እሱ ላፕቶፑን ይከፍታል፣ እኔ ስህተቱን አሳየዋለሁ፣ እሱ ይከራከራል። ሲሸነፍ ዝም ብሎ ያርማል። ያን ጠባዩን ወደድኩት። ስህተቱ ሲነገረው የሚያኮርፍ ሰው አብሮኝ ሊሠራ አይችልም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ስለ ሥራ ያወራነው ግማሽ ሰዓት ብቻ መሆኑን አስተዋልኩ። ቀሪው ሁለት ሰዓት በምን እንዳለቀ አላውቅም። አምስተኛው ቅዳሜ ላይ እናቴ «ዛሬ ደግሞ የምን ዓይነት ስብሰባ ነው ሻርፕ የሚተኮስለት?» አለችኝ። ሻርፑን መተኮሴን ያወቅሁት ያኔ ነው።

አንድ ቀን ፒላው ቤት ሳለን ኸባብ ጠየቀኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ካልፈለግሽ አትመልሺ። ቀኑን ለምን እንዲህ ትፈሪዋለሽ?»

«አልፈራውም።»

«እሺ።»

ፒላውን በላ። እኔም ትንሽ በላሁ። ከዚያ ነገርኩት።

«ከሁለት ዓመት በፊት ታጭቼ ነበር። ሱፍዋን ይባላል። እሱም ሰንዱቅ ላይ ይሠራ ነበር። የመድኃኒት ቆጠራውን እያሻሻለ ሳለ ጊዜ አጠረውና አምስት ቀን ለመነኝ። እጮኛዬ ነው... ጨመርኩለት። ሥራው በጥድፊያ ገባ፤ እኔም በጥድፊያ ፈተሽኩት። እትሙ ወጣ። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ፕሮግራሙ ኢንሱሊን ሞልቷል ይላል፤ ማቀዝቀዣው ግን ባዶ ነው። አንድ ሽማግሌ መድኃኒት አለ ብለው መጥተው እዚያው ወደቁ።»

«ሞቱ?»

«አልሞቱም። በጭነት መኪና ስልሳ ኪሎ ሜትር ወስደዋቸው ተረፉ። ወደ ክሊኒኩ ደውዬ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ሱፍዋን ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? 'ቀኑን ያራዘምሽው አንቺ ነሽ' አለኝ።»

ኸባብ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እውነቱን ነው ደግሞ» አልኩ። «ያራዘምኩት እኔ ነኝ።»

«አዎ» አለ። «አንቺ ነሽ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «አይ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም» ይለኝ ነበር። ስንቱ እንደዚያ ብሎኛል። እሱ ግን አላለም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያን ዕለት ወደ ቤት ስሄድ ቀለል ብሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኸባብ ስለ ማራዘሚያ አንድም ቀን አላነሳም። ጁላይ ገባ። ናይሮቢ በጁላይ ብርድ ነው፤ ሰማዩ ሙሉ ቀን አመድ ይመስላል። ሥራው አልደረሰለትም። ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ረቡዕ፣ ጁላይ አሥራ አምስት ቀን፣ ቢሮ ተቀምጬ ሳለ ከጋሽ ይገዙ ለሁላችንም የተላከ መልእክት መጣ። «የኸባብን ሥራ አስፈላጊነት በማየት ፍሪዙ በአሥር ቀን ተራዝሟል» ይላል።

እኔን ማንም አልጠየቀኝም። መሥራቹ እሳቸው ናቸው፤ ሥልጣን አላቸው። ግን በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ አድርገው አያውቁም። ደወልኩላቸው።

«ጋሽ ይገዙ፣ ምን ተፈጠረ?»

«ልጄ፣ ይቅርታ፤ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ኸባብ እሁድ ቤቴ መጥቶ ነበር። ስንጨዋወት ስለ እህቱ ክሊኒክ ያጫወተኝ ነገር ልቤን ነካው። እንዲያ ሆኖ እያወቅሁ ዝም ልል አልቻልኩም።»

አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ ኸባብ ጋ ደወልኩ።

«እሁድ የት ነበርክ?»

«ሩንዳ። ጋሽ ይገዙ ጋ።»

«ቅዳሜ አብረን ነበርን። አልነገርከኝም።»

«አልነገርኩሽም።»

«ለምን ሄድክ?»

«ቀመሪያ፣ እንደምታስቢው አይደለም። ስለ ፍሪዙ አልሄድኩም።»

«ታዲያ ስለ ምን?»

«አሁን ልነግርሽ አልችልም።»

«ከስብሰባው በኋላ ገምግሚልኝ ያልከኝ፣ ሳውዝ ሲ ድረስ የተመላለስከው... እኔ እምቢ ካልኩ በሌላ በር ለመግባት ነበር?»

«በአላህ ይሁንብኝ፣ አይደለም!»

«እንግዲያው ምክንያቱን ንገረኝ።»

ስልኩ ውስጥ የማታቱ፣ የሚኒባስ ታክሲው፣ ጥሩምባ ይሰማል። ምንም አልተናገረም።

«አሥር ቀንህን አግኝተሃል» አልኩት። «ከእንግዲህ በጽሑፍ ብቻ እንገናኝ።»

አላለቀስኩም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሌላ ሥራ ጨረስኩ። ወደ ቤት ስገባ እናቴ ምን ሆነሻል አለችኝ፤ ብርድ ነው አልኳት። ብርዱም ቢሆን እውነት ነበር።

በአሥሩ ቀን ውስጥ ኸባብ የላከውን ሁሉ ፈተሽኩ። ብጣላውም ሥራው ሥራ ነው። የሚጽፍልኝ በእንግሊዝኛ፣ የምመልስለት በእንግሊዝኛ፤ ሁለታችንም እንደማንተዋወቅ። ቅዳሜ ፒላው ቤት አልሄድኩም። በሚቀጥለው ሳምንት አስተናጋጇ መንገድ ላይ አግኝታኝ «ያ ወንድምሽ ብቻውን መጥቶ ሳይበላ ሄደ» አለችኝ። ወንድሜ አይደለም አልኳት።

በሰባተኛው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ስህተት አገኘሁ። የኢትዮጵያ ዓመት አሥራ ሦስተኛ ወር አለው፤ ጳጉሜ። በአብዛኛው አምስት ቀን ነች፤ በየአራት ዓመቱ አንዴ ግን ስድስት ትሆናለች። የኸባብ ሥራ ስድስተኛዋን ቀን አያውቃትም። ስለዚህ ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት የሚሰጡት ቀጠሮዎች በሙሉ በአንድ ቀን ይሳሳታሉ። ዛሬ ማንንም አይጎዳም፤ ጊዜው ሲደርስ ግን ይጎዳል። ጽፌ ላክሁለት።

መልሱ በማግስቱ ለሁሉም በሚታየው ገጽ ላይ ወጣ።

«የተገኘው ስህተት እውነት ነው፤ የእኔ ነው። ለማረምና በደንብ ለመፈተሽ የቀረኝ ጊዜ አይበቃም። ሥራዬን ከዚህ እትም አውጥቻለሁ። ለእኔ ተብሎ ቀኑ እንደገና እንዳይራዘም እለምናለሁ። በጥድፊያ የገባ ነገር ሰው ይጎዳል።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለቀን ብሎ ሰው የሚያታልል ሰው ቀኑን እንዲህ አይጥልም። ልቤ ሲመታ ተሰማኝ። ይህን ለመጻፍ አፍሬ ነበር፤ ግን የሆነው እሱ ነው።

እሁድ ጠዋት ሩንዳ ሄድኩ። ጋሽ ይገዙ ግቢያቸው ውስጥ አበባ ሲያጠጡ ደረስኩ። ሳልቀመጥ፣ ቆሜ ጠየቅኩ።

«ጋሽ ይገዙ፣ ኸባብ የዚያን እሁድ ለምን ነበር የመጣው?»

የውኃውን ጎማ ዘጉ። አዩኝ።

«አልነገረሽም?»

«እምቢ አለኝ።»

«ምስኪን! አትናገር ያልኩት እኮ እኔ ነኝ።» ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። «ልጄ፣ ስለ ፍሪዝ አልመጣም። ስለዚያ እኔው ነኝ እየጠየቅሁ ያስለፈለፍኩት። እሱ የመጣው ሽማግሌ ሁነኝ ሊለኝ ነው።»

«የምን ሽማግሌ?»

«አባትሽ ጋ የሚሄድ ነዋ! ናይሮቢ ላይ ዘመድ የለኝም፣ ወላጆቼም አርፈዋል፣ እርስዎ ይሂዱልኝ ብሎ ለመነኝ። እኔም መጀመሪያ የእትሙ ግርግር ይለፍ፣ አሁን ብትነግራት ለቀኑ ብሎ ነው ትላለች፣ እስከዚያ አፍህን ያዝ አልኩት። ቃሉን ሰጠኝ። ከዚያ እኔ ሞኙ ቀኑን አራዘምኩና የፈራሁትን ራሴ አመጣሁት።»

ወንበር ፈለግኩ። ጋሽ ይገዙ ውኃ አመጡልኝ።

«ተጣልታችኋል?» አሉ።

«እኔ ነኝ የተጣላሁት» አልኩ። «እሱ ዝም ብሎ ሲሰድቡት ሰማ።»

ከሩንዳ ወደ ሳውዝ ሲ ስመለስ ማታቱ ውስጥ ሁለት ነገር አሰብኩ። ሁለቱን ለያይቼ ለማሰብ ደግሞ ብዙ ታገልኩ። አንደኛው ኸባብ ነው። ሁለተኛው ሥራው ነው። ስለ ሥራው ስወስን ኸባብን መውደዴ እንዳይገባበት ፈለግኩ፤ ሱፍዋንን መጥላቴም እንዳይገባበት። ቤት ደርሼ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ስህተቱን ለማረም አንድ ቀን። ለመፈተሽ ሁለት ቀን። እትሙ የሚወጣው ኦገስት ሃያ ስምንት ስለሆነ ሦስት ቀን ቢጨመር ሌላው ሥራ አይጎዳም። ካልተጨመረ ደግሞ የሞያሌዎቹ በሽተኞች ሌላ ስድስት ወር ይጠብቃሉ።

ከዚያ ሞያሌ ደወልኩ። ቁጥሯን ከክሊኒኮቻችን ዝርዝር ነው ያገኘሁት።

«ራጃ ነሽ? ቀመሪያ እባላለሁ፤ ከሰንዱቅ ነው የምደውለው።»

«ቀመሪያ!» አለች። ስሜን እንደ ዘመድ ስም ነው የጠራችው። «አውቅሻለሁ እኮ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር ፒላው የምትበዪው።»

«ትርፍ ኮምፒውተር አላችሁ?» አልኳት።

«አንድ አሮጌ አለች።»

«አዲሱን ሥራ ብልክልሽ፣ በእውነተኛ ካርዶች ሁለት ቀን ትሞክሪልኛለሽ? በሽተኛ ሳትነኪ፣ ቀኑን ብቻ እያየሽ።»

«ዛሬውኑ ላኪልኝ! ክሊኒኩ ኢንተርኔት የለውም እንጂ ከተማ ወጥቼ በስልኬ አወርደዋለሁ።»

እሁድ ከሰዓት ለሁሉም ጻፍኩ። ሦስት ተጨማሪ ቀን እንዲፈቀድ የምጠይቀው እኔ እንደሆንኩ፣ ምክንያቱን፣ ማን እንደሚፈትሸው፣ ፈተናውን ካላለፈ ያለ ክርክር እንደሚወጣ፣ ስህተት ቢመጣ ኃላፊነቱ የእኔ እንደሆነ። ታች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ስሜን ጻፍኩ። ሰኞ ጠዋት ድምፅ ተሰጠ። ሰባት ደገፉ፣ ሁለት ተቃወሙ። የተቃወሙትን አልተቀየምኩም። እኔም በሌላ ጊዜ ብሆን እቃወም ነበር።

ኸባብ ጋ ደወልኩ።

«ሦስት ቀን አለህ» አልኩት።

«እኔ አልጠየቅኩም።»

«አውቃለሁ። የጠየቅኩት እኔ ነኝ።»

«ቀመሪያ... ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተይው።»

«ላንተ ብዬ አይደለም። ሁለት ጊዜ አስቤበታለሁ። ትናንት ሩንዳ ሄጄ ነበር። ጋሽ ይገዙ ነገሩኝ። የምጠይቅህ ይቅርታ አለ። በስልክ አይሆንም።»

«እኔም የምነግርሽ አለ» አለ፤ ድምፁ ተለውጧል።

«ከሐሙስ በኋላ። አሁን ጳጉሜን አስተካክል።»

በሦስቱም ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ፒላው ቤቱ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሠራን። ስለ ሌላ ነገር አላወራንም። አንዴ ብቻ፣ ማክሰኞ፣ ቀና ስል እያየኝ አገኘሁት። «ስክሪኑን እይ» አልኩት። «እሺ» አለ፤ ግን አላየውም። ራጃ በየሁለት ሰዓቱ ትደውላለች። መቶ ስልሳ ካርድ ሞከረች። ረቡዕ ዕለት አንድ ቀን ተሳስቶ አገኘች፤ አረመው። ሐሙስ ደግማ ሁሉንም ሞከረች።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ደወለች። «ሁሉም ልክ ነው!» አለች። «አንድም የሳተ የለም። አልሃምዱሊላህ!»

ሥራውን አስገባሁ። ፍሪዙን ዘጋሁ። ላፕቶፔን ከደንኩና ቀና አልኩ።

«አሁን ይቅርታዬን ልጠይቅ» አልኩ። «ሳልሰማህ ፈረድኩብህ። ሱፍዋን የሠራውን ባንተ ላይ ጫንኩ። ያ ልክ አልነበረም።»

«እኔም መናገር ነበረብኝ» አለ። «ቃል ሰጥቻለሁ ብዬ ዝም ማለቴ አንቺን እንደሚያቆስል እያየሁ ነበር። ላጣሽ እየደረስኩ ነው አፌን የያዝኩት። ሞኝነት ነው።»

«አዎ» አልኩት። «ሞኝነት ነው።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እሱ ሳቁን ተወ።

«ቀመሪያ፣ ከሽማግሌ በፊት አንቺን መጠየቅ ነበረብኝ። ልጠይቅሽ?»

«ጠይቀኝ።»

«ታገቢኛለሽ?»

እኔ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ነው የምመልሰው። ያን ቀን ግን መጀመሪያ ላፕቶፔን ወደ ጎን ገፋሁት። አስተናጋጇ ሻይ ይዛ መጥታ ሁለታችንንም አየችና ሻዩን ሳታስቀምጥ ተመለሰች።

«አገባሃለሁ» አልኩት።

እትሙ በቀኑ፣ ኦገስት ሃያ ስምንት ወጣ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ እሁድ ጋሽ ይገዙና ከኢስሊ መስጊድ አንድ ሼኽ ቤታችን መጡ። አባቴ ኢስሊ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ሰው ሲያነጋግር ጨርቅ እንደሚመረምር ነው የሚያየው። እኔ ከእናቴ ጋር ጓዳ ሆኜ አዳምጣለሁ።

«አቶ ይገዙ» አለ አባቴ፣ «አይቀየሙኝና፣ እርስዎ ክርስቲያን ነዎት። የሙስሊም ልጅ ሽማግሌ ሆነው እንዴት መጡ?»

«ሀጂ» አሉ ጋሽ ይገዙ፣ «ልጁ በዚህ አገር ሌላ ሰው የለውም። እኔም ወንድ ልጅ የለኝም።»

አባቴ «እንግዲያው ሻይ ይጠጡ» ሲል ሰማሁ። እናቴ እጄን ጨበጠችኝ። አባቴ ለሰው ሻይ ጠጣ የሚለው ነገሩን ሲቀበል እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

እንግዶቹ ሲሄዱ አባቴ ጠራኝ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ጋብቻ ሳነሳ ተይኝ ስትዪኝ ነበር። ይሄኛውን ትፈልጊዋለሽ?»

«እፈልገዋለሁ አባዬ።»

«ለምን?»

አሰብኩ። «ሲሳሳት ተሳሳትኩ ይላል» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «እንዲህ ያለ ሰው ገበያ ላይም አይገኝም» አለ።

ኒካሃችን በኖቬምበር ታሰረ። ራጃ ከሞያሌ አንድ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ መጣች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ሴት ነች። አቅፋኝ ስታበቃ የመጀመሪያ ንግግሯ ስለ ክሊኒኩ ነበር።

«በዚህ ወር በተሳሳተ ቀን የመጡት ሁለት ብቻ ናቸው» አለችኝ። «እነሱም ካርዱን ጥለው ነው። ያቺ በመጋቢት አሥራ ሁለት የመጣችው ሴትዮ ደግሞ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ እየጨረሰች ነው። ሠርግሽን ስነግራት ምን አለች መሰለሽ? 'ቀኑን ያስተካከሉት ልጆች ናቸው? አላህ ዕድሜ ይስጣቸው' አለች።»

ኸባብ አጠገባችን ቆሞ ነበር። ወደ ግድግዳው ዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሄጄ ጎኑ ቆምኩ።

ራጃ አንድ ሳምንት ሳውዝ ሲ፣ እኛ አዲስ የተከራየነው ቤት ሰነበተች። የምትመለስበት ቀን ሁለታችንም ስቴጅ፣ አውቶቡስ ተራው ድረስ ሸኘናት። በአውቶቡሱ መስኮት እጇን አውጥታ እስከ ማዞሪያው ድረስ አውለበለበች። መኪናው ሲሰወር ኸባብ እጄን ያዘ። መንገዱ ላይ ሰው ብዙ ነበር፤ እኔ ደግሞ በአደባባይ እንዲህ ማድረግ አልወድም። እስከ ቤታችን ድረስ አልለቀቅኩትም።